ክላውድን ድሬዳዋ ላይ መልበስ፦ ዊጉን፣ ልብሱንና ሰይፉን በእጅ መሥራት

ድሬ ላይ «ኮስፕሌይ ልሠራ ነው» ስትሉ የምትሰሙት የመጀመሪያ መልስ «አቦ፣ በዚህ ሙቀት?» የሚል ነው። ውሸታቸውን አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን የትከሻ ጋሻ ሠርቼ፣ ቀለሙ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ምሳ በልቼ ስመለስ በየመጋጠሚያው ተከፍቶ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተዘርግቶ አገኘሁት። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማሳያዎች ጥሩ ናቸው። ግን የተሠሩት ለሌላ አየርና ለሌላ ሱቅ ነው። እዚህ ሙቀቱ ማጣበቂያውን፣ ፎሙን፣ ጨርቁን፣ ዊጉን ሁሉ ይነካል። አንዳንዴ ይረዳችኋል፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠራችኋል። መቼ የትኛውን እንደሚያደርግ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ለማያውቅ፦ ኮስፕሌይ ማለት የጌም ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይን ልብስና መልክ ሠርቶ መልበስ ነው። ቃሉን የፈጠሩት ጃፓኖች ናቸው። «ኮስቱም» እና «ፕሌይ» የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሳጥረው ገጠሟቸው።

ገጸ ባሕርዩ

ክላውድ ስትራይፍን መርጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለው ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። መልኩን የነደፈው ቴትሱያ ኖሙራ ነው። ለጀማሪ የሚመች የሚያደርገው ልብሱ ቀላል መሆኑ ነው፦ እጅጌ የሌለው ሹራብ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ቡትስ፣ ጓንት፣ ግራ ትከሻው ላይ አንድ የብረት ጋሻ። ከባዱ ጸጉሩ ነው። ቢጫ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የቆመ፣ ሹል ሹል ያለ። ሰው ክላውድን ከመቶ ሜትር የሚለየው በጸጉሩና በሰይፉ ነው። ሱሪው ትንሽ ቢሳሳት ማንም አያይላችሁም። ዊጉ ከተሳሳተ ግን ቢጫ ዊግ ያደረገ ሰው ብቻ ናችሁ።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን ክላውድ እንደምትሠሩ ወስኑ። የ1997ቱ እና እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገና የተሠራው ጌም ክላውድ አንድ ሰው ቢሆኑም ዝርዝራቸው ይለያያል። የአዲሱ ሹራብ ሸንተረር፣ የማሰሪያዎቹ ዘለበት፣ የጋሻው ብሎን ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ አዲሱን እመክራለሁ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ የሚያሳዩ ፎቶዎች ሰብስቡና በወረቀት አሳትሙ። በስልክ ብቻ ከሆነ እጃችሁ ማስቲሽ በነካ ቁጥር ስክሪኑ ይበላሻል።

ዊጉ

ከዚህ ጀምሩ። ሁሉም ከሰይፉ ይጀምራል፣ ምክንያቱም ሰይፍ መሥራት ደስ ይላል። ከዚያ ለዊግ ሲደርስ ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቋል።

የምትፈልጉት አርቴፊሻል ጸጉር ነው። ሂውማን ሄር ውድ ነው፣ ደግሞም ሹል ሆኖ አይቆምላችሁም። ቀጥ ያለ፣ ወፍራም፣ ቢያንስ ትከሻ የሚደርስ ይሁን። ጸጉሩ ሲቆም ያጥራል፤ «ይበቃል» ያላችሁት ርዝመት አይበቃም። ቀለሙን በጠራራ ፀሐይ አይታችሁ ግዙ። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ያማረ የሎሚ ቢጫ ውጭ ሲወጣ የፕላስቲክ ገመድ ይመስላል። ወደ ማር የሚሄደው ቢጫ ለእኛ ቆዳም ይስማማል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። በኋላ ቀለም እቀባዋለሁ አትበሉ። የጸጉር ቀለም አርቴፊሻል ጸጉር አይዝም።

ከገዛችሁ በኋላ ሙቀት መቻሉን ፈትኑ። ከማጅራቱ በኩል፣ ከውስጥ፣ ጥቂት ዘለላ ቁረጡ። የጸጉር መተኮሻውን በዝቅተኛው ሙቀት አድርጋችሁ ንኩት። ከተጨማደደ ወይም ከቀለጠ ዊጉ ላይ መተኮሻ እንዳታስነኩ፤ በፎን ብቻ ትሠራላችሁ። ምንም ካልሆነ እንኳ ከ180 ዲግሪ በላይ አትሂዱ። እኔ ይህን ፈተና ዘልዬ የፊቱን ጸጉር በአንድ ጭረት አቅልጬዋለሁ። ሽታው ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም።

አሁን ጭንቅላት ያስፈልጋል። የዊግ ማስቀመጫ ጭንቅላት ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሰዱና ግማሹን አሸዋ ሙሉበት፣ እንዳይወድቅ። የራሳችሁን ጭንቅላት ዙሪያ ከግንባር በላይ በሜትር ለኩ። ጀሪካኑን በአሮጌ ጨርቅ እየጠቀለላችሁ ዙሪያው ልክ እስኪደርስ አወፍሩት። ላዩን በፌስታል ሸፍኑትና በፕላስተር እሰሩት። ዊጉን አልብሱትና በእስፒል ያዙት። እኔ የምጠቀመው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ጸጉሩን መከፋፈል ነው። ፎቶውን አይታችሁ ሹሎቹን ቁጠሩ፤ እኔ 16 አድርጌ ነው የሠራሁት። አናት ላይ ያሉት ትላልቅ ናቸው። ማጅራት ላይ ያሉት አጫጭርና ወደ ታች የተኙ ናቸው። እያንዳንዱን በላስቲክ እሰሩና ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጋር ሳሉት።

ሥራው ከታች፣ ከማጅራት ይጀምራል፤ አናቱ መጨረሻ ነው። ለእያንዳንዱ ሹል እንዲህ ነው። ዘለላውን ፈትታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ያዙ። ሥሩን በቀጭን ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ገፋ ገፋ አድርጉ፣ ውስጡ እንዲጨፈቅ። የሚቆመው በዚህ ጭፍቅ ላይ ነው። ከዚያ ጠንካራ የጸጉር ስፕሬይ ከሥሩ ጀምሮ እርጩ። በፎን አሙቁት። አሁን ዋናው ነገር፦ ፎኑን አጥፍታችሁ ጸጉሩን እንደያዛችሁ ቆዩ። አርቴፊሻል ጸጉር ፕላስቲክ ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው። ሞቅ እንዳለ ከለቀቃችሁት ይወድቃል፣ ከዚያ «ስፕሬዩ አይሠራም» ትላላችሁ። ድሬ ላይ ቀትር ላይ ለመቀዝቀዝ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ፎናችሁ የቀዝቃዛ አየር ቁልፍ ካለው ተጠቀሙበት፤ ከሌለው ሥራውን ማለዳ አድርጉት።

ስፕሬዩ እሳት ይይዛል። ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል እንዳትረጩ። ይህን ቀልድ አታድርጉት።

አናት ላይ ያሉት ትላልቆቹ በስፕሬይ ብቻ አይቆሙም። ውስጣቸው አጥንት ይፈልጋል። ከስስ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ እንደ ጥሬ ለውዝ መሸጫ ወረቀት የተጠቀለለ ሾጣጣ ሥሩ። ቀድማችሁ ቢጫ ቀለም ቀቡት፣ ነጩ በጸጉሩ መሃል እንዳይታይ። የሾጣጣውን አፍ ዊጉ ላይ፣ ጸጉሩ የተሰፋበት መስመር ላይ፣ በመርፌና በቢጫ ክር ስፉት። ከዚያ ዘለላውን ዙሪያውን አልብሱትና በስስ ኮላ አጣብቁ። ኮላው ሲደርቅ ይጠፋል፣ መጠኑ ከበዛ ግን ነጭ ቅርፊት ይሆናል።

ጫፎቹን ለማሾል መቀሱን አግድም አትያዙ። ከጸጉሩ ጋር ጎን ለጎን፣ ወደ ጫፉ እያዘነበላችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቁረጡ። የቀረችውን ጫፍ ስፕሬይ በነካ ጣት ጠምዝዙ።

ጸጉር ስታቆሙ የዊጉ መረብ መታየቱ አይቀርም። ከማጅራት ውስጥ የማይታይ አንድ መስመር ጸጉር በጥንቃቄ ፍቱና ክፍቱ ቦታ ላይ ስፉት።

የግንባሩን ጸጉር በመጨረሻ፣ ራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ ነው የምትቆርጡት። በጀሪካን ላይ ያማረው ግንባራችሁ ላይ ዓይን ይሸፍናል።

ከሥር ስላለው የራሳችሁ ጸጉር ደግሞ። የውጭ ሰዎች በስስ ኮፍያ ጨፍልቀው ነው የሚያደርጉት። እኛ ከዚያ የተሻለ አለን። ጸጉራችሁ ረጅምና ወፍራም ከሆነ ቀጭን ሹሩባ ተሠሩ፣ ወደ ኋላ የተኛ። ላዩን አንድ ስቶኪንግ ቆርጣችሁ አድርጉ። ዊጉ ጠፍጣፋ ይቀመጣል፣ እስፒሉም ሹሩባው ውስጥ ገብቶ ይይዛል። እህቴ የሠራችኝ ሹሩባ ላይ ዊጉ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ንፋስ አላነቀነቀውም።

ልብሱ

ባለ ኮሌታ ሹራብ ድሬ ላይ ማን ይለብሳል? ስለዚህ አዲስ አትፈልጉ፣ ሰልባጅ ውስጥ ቆፍሩ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ጥቁር፣ ሸንተረር ያለው፣ አንገቱ ረዘም ያለ። ስሱን ምረጡ። እጅጌውን ስትቆርጡ ስፌቱ ላይ አይደለም፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ትታችሁ ቁረጡና ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፉ። ሹራብ ከተተረተረ አይመለስም። ካጣችሁ የሚለጠጥ የጥጥ ጨርቅ አሰፉ።

ሱሪውን ለሰፊ ስጡ። እኔ ሐረር ድረስ እሄዳለሁ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይቀየራል፣ ከሐረማያና ከአወዳይ በኋላ ደርሳችኋል። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ አለ። ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ስሙም የመጣው ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ጨርቁን እዚያው ገዝታችሁ፣ እዚያው አስለክታችሁ፣ እየጠበቃችሁ የሚሰፋላችሁ ካገኛችሁ በዚያው ቀን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ግን «ጌም ላይ ያለ ሰው ልብስ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ፎቶውን አሳዩና እንደ ማንኛውም ሱሪ አስረዱ። እኔ የሄድኩባቸው አዛውንት ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ የዚህ ሰውዬ ሌላኛው ትከሻ የት ሄደ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጋሻው አንድ ብቻ ነው፣ እሱን ራሴ እሠራዋለሁ» አልኳቸው። «ታዲያ ሱሪውን ለምን አትሠራም?» አሉና ሜትራቸውን አነሱ።

ጨርቁ ካኪ ይሁን፣ ጥጥ የበዛበት። ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ በድሬ ሙቀት ግን ፌስታል እንደ መልበስ ነው። ጥጡን ከመሰፋቱ በፊት እጠቡት፤ በኋላ ቢጠብ የሚቀንሰው ከሱሪያችሁ ነው። ዳሌው ላይ ከልካችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስፋ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ላስቲክ ይግባበት። ቡትሱ ውስጥ ሲገባ ያን የተነፋ ቅርጽ ይሰጣችኋል።

የደረት ማሰሪያዎቹንና ሰፊውን ቀበቶ ጫማ ሰፊ ጋ አሠሩ። አርቴፊሻል ቆዳ ይበቃል። ጓንቱ ተራ ጥቁር ጓንት፣ ቡትሱ ያላችሁ ጥቁር ቡትስ።

የትከሻው ጋሻ

የሚያስፈልገው ፎም ነው። ለልጆች መጫወቻ መሬት ላይ የሚነጠፈው፣ እንደ እንቆቅልሽ እርስ በርሱ የሚገጣጠመው ምንጣፍ ፍጹም ነው። ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ፈልጉ። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። በዕቃ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ፣ የሚፈረፈረው ፎምም አይሆንም፤ የስፕሬይ ቀለም ይበላዋል።

መጀመሪያ ልኩ። የግራ ትከሻችሁን በስስ ፌስታል ጠቅልሉ፣ ላዩን በፕላስተር ሸፍኑ። ለዚህ ሰው ያግዛችሁ። በእስክሪብቶ የጋሻውን ቅርጽ ላዩ ላይ ሳሉ። ግራና ቀኝ የሚገጥሙበትን ቦታ በትናንሽ ጭረት ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቆርጣችሁ አውጡት። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አልተኛ የሚል ቦታ ካለ እዚያ ሰንጥቁት፣ እስኪተኛ ድረስ። ያ የሰነጠቃችሁት በኋላ ሲጣበቅ ክቡን ቅርጽ የሚሰጠው ነው። በካርቶን ገልብጡ፣ ከካርቶኑ ወደ ፎም።

ከተሩ አዲስ ምላጭ ይኑረው። የደነዘዘ ምላጭ ፎምን ይቦጫጭቃል እንጂ አይቆርጥም። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አንዴ በኃይል ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ።

ከማጣበቅ በፊት አሙቁት። ፎኑን አስጠግታችሁ ፎሙ እስኪለሰልስ ቆዩ፣ ከዚያ ጉልበታችሁ ወይም ጀሪካን ላይ አጥፋችሁ እስኪቀዘቅዝ ያዙ። ልክ እንደ ዊጉ ነው፤ ቅርጹ የሚቀረው ሲቀዘቅዝ ነው።

አሁን ማስቲሽ። ሁለቱንም ፊት በስሱ ቀቡ። ወዲያው አትግጠሙ። በሌላ አገር እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ ይባላል። ድሬ ላይ ቀትር ከሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ይደርቅና አይዝም። ሰዓት አትዩ፣ በጣት ንኩ። ሲነካ ጣት ላይ ካልተለጠፈ፣ ግን ያዝ ካደረገ፣ ያኔ ነው። በምልክቶቹ መሠረት ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ግጠሙ። ከተገጠመ በኋላ መመለስ የለም። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆች አይኑሩ። የጨርቅ ማስክ የማስቲሽን ጭስ አያስቀርም፤ ደጅ ጥላ ሥር መሥራት ይሻላል።

ፎም ቀለም ይጠጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮላን በእኩል ውኃ አቅጥናችሁ አራት ጊዜ ቀቡ፣ እያንዳንዱ እየደረቀ። እዚህ ላይ የድሬ አየር ባለውለታችሁ ነው፤ በጥላ ውስጥ እንኳ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ጥቁር። ጥቁሩ ሲደርቅ ብሩሹን ብርማ ቀለም ነክራችሁ አብዛኛውን ጨርቅ ላይ ጥረጉና የቀረችውን በጠርዞቹ ላይ ብቻ አሹ። ወዲያው ብረት ይሆናል። ብሎኖቹ የውኃ ጠርሙስ ክዳኖች ናቸው፣ ተቀብተው።

ጣሪያ ላይ አታስጡት። መኪና ውስጥም አትተዉት። ማስቲሽ ሲግል ይለቃል።

ሰይፉ

ሰይፉ ትልቅ ነው፣ ግን ቀላል ነው። መሃሉ ላይ የፒቪሲ የውኃ ቱቦ አጥንት ይሆናል። ግራና ቀኝ ፎም ወይም ሦስት ድርብ ካርቶን። ካርቶን ከሆነ የውስጡ ሸንተረር አንዱ ቁም፣ ቀጣዩ አግድም ይሁን፤ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ ይጎብጣል። ርዝመቱ ከቁመታችሁ ትንሽ ይነስ፣ ወርዱ ከሁለት ስንዝር ትንሽ ይጉደል። ከእጀታው ከፍ ብሎ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን ከረሳችሁ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነግራችኋል።

እጀታው ተነቃይ ይሁን፣ አንድ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባ። በሚኒባስ ልትሄዱ ነው። በአንሶላ ጠቅልሉት፤ ፍተሻ ላይ ደግሞ ገና ሳትጠየቁ ፈትታችሁ አሳዩ። እኔ ሳልነግራቸው ሞክሬ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ፈታሹ መጨረሻ ላይ አንስቶ «አይ፣ ስፖንጅ ነው» ብሎ ለጓደኛው አቀበለውና ሁለቱም ፎቶ ተነሱበት።

የሚለበስበት ቀን

ፎቶ የምትነሱት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። መሃል ላይ ያለው ለማስቲሹም ለእናንተም አይሆንም። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉት ዛፎች ጥላቸው ጥሩ ነው፣ ማለዳ ሰውም አይበዛም። ልጆች ግን ይከተሏችኋል፤ ወሪያ ወሪያ እያሉ። አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ውኃ፣ መርፌና ቢጫ ክር፣ ትንሽ ማስቲሽ ይዞ። ጀጎል ውስጥ ከሆነ የጠባቦቹ መንገዶች ባለ ቀለም ግድግዳ ለጥቁር ልብስ ቆንጆ ጀርባ ይሆናል። የሰው ቤት ደጅ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፣ ጠይቁ።

የክላውድ ዓይን የሚያበራ ሰማያዊ ነው። ባለ ቀለም ሌንስ ሳታማክሩ ከመንገድ ገዝታችሁ ዓይናችሁ ውስጥ አታስገቡ። የዓይን ሐኪም ካላየ ይቅር፤ ፎቶው ላይ በስልክ ይስተካከላል። ቆዳ ለማንጣት መሞከርም አያስፈልግም።

ስትጨርሱ ዊጉን ስቶኪንግ አልብሳችሁ ጀሪካኑ ላይ መልሱት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። መብራት ጠፍቶ እናቴ ሻማ ይዛ ክፍሌ የገባች ቀን ማዕዘኑ ላይ የቆመውን ባለ ቢጫ ጸጉር ጀሪካን አይታ የጮኸችውን ጎረቤት እስካሁን ያወራዋል።